የአራት መንግሥታት አንድ ሪአክተር

ሊቱዌኒያ የአውሮፓ ኅብረት አባል ለመሆን ከተቀበለቻቸው ግዴታዎች አንዱ፣ ሥሪታቸው ከቼርኖቤሉ ጋር አንድ ዓይነት የሆኑትን ሁለቱን የኢግናሊና ሪአክተሮች መዝጋት ነበር። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2009 ማብቂያ ላይ ሲዘጋ፣ ከኤሌክትሪኳ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነውን ከዚያው ታገኝ የነበረችው አገር ኃይል ከውጭ ገዢ ሆነች። ይህን አስቀድመው የተረዱት የሦስቱ የባልቲክ አገሮች መሪዎች በ2006 በሊቱዌኒያዋ ቪሳጊናስ አዲስ የኑክሌር ማመንጫ በጋራ ለመሥራት ተስማሙ፤ ፖላንድም ገባችበት።

መጋራቱ ከወዳጅነት ይልቅ ከሪአክተሩ ግዝፈት የመነጨ ነው። ለቪሳጊናስ የታሰበው የጃፓኑ ኩባንያ የሂታቺ ሪአክተር ዐቅም 1,350 ሜጋዋት ገደማ ሲሆን፣ ይህ ለሊቱዌኒያ አማካይ ፍጆታ የቀረበ ነው። በኤሌክትሪክ መረብ ላይ የሚመነጨውና የሚፈጀው ኃይል በየቅጽበቱ መመጣጠን ስላለበት፣ አንድ ግዙፍ ማመንጫ በድንገት ሲቋረጥ ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚያደርገው 50 ዑደት፣ ማሽቆልቆል ይጀምራል፤ ዝቅታው በሴኮንዶች ውስጥ ካልተገታም መከላከያ መሣሪያዎች የቀሩትን ማመንጫዎች ከመረቡ እየነጠሉ አገሩን ሁሉ ሊያጨልሙት ይችላሉ። በዚህ የተነሳ ከሁሉ ትልቁን ማመንጫ የሚተካ መጠባበቂያ ዘወትር መዘጋጀት ይኖርበታል፤ የመጠባበቂያው ሸክም ደግሞ አንዲት ትንሽ አገር ብቻዋን የምትችለው አይደለም።

ሳይንሱ ያስተሳሰራቸውን መንግሥታት የወጪው ድልድል አለያያቸው። ፖላንድ በ2011 መጨረሻ ተሳትፎዋን አቆመች። በቀጣዩ ዓመት በቀረበው ዕቅድ ሊቱዌኒያ 38፣ ኢስቶኒያ 22፣ ላትቪያና ሂታቺ እያንዳንዳቸው 20 በመቶ ድርሻ ተመደበላቸው። ጥቅምት 14 ቀን 2012 ከምክር ቤት ምርጫ ጋር በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ግን መራጩ የተጠየቀው በሊቱዌኒያ አዲስ የአቶሚክ ማመንጫ መሠራቱን ይደግፍ እንደሆነ ብቻ ነበር፤ ስለ ዋጋው፣ ስለ ድርሻውም ሆነ ስለ ኑክሌር ዝቃጩ ጥያቄው አንዳች አላለም። እንዲህ ተነጥሎ ለቀረበ ጥያቄ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው መራጭ ተቃውሞ መመለሱ ሊያስገርም አይገባም። ውጤቱ መንግሥትን በሕግ የሚያስገድድ ባይሆንም ዕቅዱ ከዚያ በኋላ አላንሰራራም፤ በ2016ም ታገደ።

በዚያው ዘመን ቤላሩስ ከሊቱዌኒያ ዋና ከተማ ከቪልኒየስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በሚርቀው ኦስትሮቬትስ፣ በሩሲያው ሮሳቶም አማካይነት ሁለት ሪአክተሮችን ታስገነባ ነበር። ተፅዕኖው ድንበር የሚሻገር ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ጎረቤትን ማማከርን ግዴታ የሚያደርገው የኤስፖ ስምምነት አባል አገሮች ጉባኤ፣ በ2019 ቤላሩስ በቦታ መረጣው ረገድ ስምምነቱን እንዳላከበረች ወሰነ፤ ግንባታው ግን አልቆመም። የመጀመሪያው ሪአክተር በ2020 ሥራ ሲጀምር ሊቱዌኒያ ኤሌክትሪኩን አልገዛም አለች፤ በድንበሩ አቅራቢያ ለሚኖሩ ዜጎቿም፣ በአደጋ ጊዜ የታይሮይድ ዕጢ ጨረራማ አዮዲን እንዳይመጥ የሚከላከል የአዮዲን እንክብል አደለች።