ተጨማሪ መረጃ፦ ከጠማቂው በር ላይ ቢራ መግዛት

በአሜሪካ ከ1920ው የአልኮል ክልከላ በፊት ቢራ ፋብሪካዎች ለመጠጥ ቤቶች ገንዘብ ያበድሩ፣ ዕቃም ያሟሉላቸው ነበር፤ በምላሹ መጠጥ ቤቱ የሌላ ፋብሪካ ቢራ አይሸጥም። ክልከላው እ.ኤ.አ. በ1933 ሲነሣ፣ ይህ አሠራር እንዳይመለስ አብዛኞቹ ግዛቶች ንግዱን ለሦስት ከፈሉት፦ ጠማቂው ለአከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ለቸርቻሪ፣ ቸርቻሪው ለጠጪ።

ትልልቆቹን ለመግታት የወጣው ደንብ ውሎ አድሮ የጎዳው ትንንሾቹን ነው። አከፋፋይ ያላገኘ ጠማቂ ቢራው መጋዘን ውስጥ ይቀርበታል። በቴክሳስ እስከ 2013 ድረስ ፋብሪካ የጎበኘ ሰው እዚያው ብርጭቆ ቢራ ገዝቶ መጠጣት እንኳ አይፈቀድለትም ነበር። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ይዞ መውጣት ክልክል ሆኖ ቆየ፤ የወይን ጠጅ አምራቾች ግን ጠርሙሱን ለደንበኛ ያስይዙ ነበር። ይህ በግልጽ አድልዎ ነበር።

በቴክሳስ ቢራ ይዞ መውጣትን የፈቀደው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ነው። አንድ ደንበኛ ከአንድ ፋብሪካ በቀን እስከ 288 አውንስ፣ ማለትም ባለ 12 አውንስ 24 ጣሳ (8.5 ሊትር ያህል)፣ ገዝቶ ወደ ቤቱ መውሰድ ይችላል።