ከአላይመንት በፊት፦ የፊት እግር ምርመራ በፊዚክስ ዓይን

ብዙ ያገለገለ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና የፊት ጎማው ቶሎ ቶሎ ሲበላ ወይም መሪው ሲንቀጠቀጥ አዘውትሮ የሚሰጠው ምክር «አላይመንት ይሠራለት» የሚል ነው። ይሁን እንጂ በላላ መጋጠሚያ ላይ የተሠራ አላይመንት ዕድሜ የለውም። ምክንያቱን ቀላል ስሌት ያስረዳናል።

አንድ ጎማ ከጉዞው አቅጣጫ በ1 ዲግሪ ቢዛነፍ፣ የ1 ዲግሪ ሳይን 0.0175 ገደማ በመሆኑ፣ በ1 ኪሎ ሜትር ጉዞ 17 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን እንደተፋቀ ይቆጠራል። ጎማውን የሚያዞረው ክንድ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው እንበል። በመሪው ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር ጎማው በ1/150 ራዲያን፣ ማለትም በ0.4 ዲግሪ ገደማ ይዛነፋል። የጎማው ቁመት 75 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ይህ ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ የ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይሆናል። አላይመንት ሠሪው የሚያስተካክለው ልክም በአብዛኛው ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም! ስለዚህ ክፍተቱ ልኬቱን ይውጠዋል።

እንግዲህ ምርመራው ከጎማው ይጀምራል። ሁለቱም ጠርዞች ከተበሉ የአየር ማነስ፣ መሃሉ ብቻ ከተበላ የአየር መብዛት ይጠረጠራል። አንዱ ጠርዝ ለስልሶ ከተበላ ጎማው ወደ ጎን አዘንብሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ዝንባሌ ካምበር ይባላል። የወጣ ሽቦ አለመኖሩ ከታየ በኋላ መዳፍ በጎማው ጥርስ ላይ በአግድም ሲንሸራተት፣ በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ቶ የተባለው የጎማዎቹ ትይዩነት ተዛብቷል። ስለታሙ ጠርዝ ወደ መኪናው መሃል ከዞረ የጎማዎቹ ፊት ከልክ በላይ ተቀራርቧል፤ ወደ ውጭ ከዞረ ተራርቋል።

ቀጥሎ የኋላ ጎማዎች ታኮ ተደርጎላቸው ፊቱ በክሪክ ይነሣና በጽኑ ድጋፍ ላይ ያርፋል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ ክፍተት ከተሰማ ረዳት ፍሬን ይርገጥ። ክፍተቱ ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጎማው በሚታጠፍበት ምሰሶ ላይ ያለው ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ክፍተቱ በግራና በቀኝ ሲያዝ ብቻ ከተሰማ የመሪው ዘንግ መጋጠሚያዎች ይመረመራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1984 መመረት የጀመረው የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ለከባድ ሥራ የተሠሩ ሞዴሎች አንድ ወጥ የፊት አክስል አላቸው። በእንዲህ ያለ አክስል ላይ እንደ ልብ የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው። ካምበሩ ከተዛባ ኩሽኔታው አልቋል ወይም አክስሉ ጎብጧል፤ መለኪያ መሣሪያው ጉድለቱን ያሳያል እንጂ አያቃናውም። መሪን ወደ ቀጥታው የሚመልሰው ካስተር የተባለው የምሰሶው የኋላ ዝንባሌ ደግሞ የፊት እግሩ ባሌስትራ ያለው ከሆነ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ሽብልቅ በማስገባት ይስተካከላል።

ስለሆነም ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አስቀድሞ የላላው ይለወጥ፣ የጎማው አየር ይስተካከል፣ አላይመንቱ በመጨረሻ ይምጣ። ይህ ሥርዓት ሲገለበጥ ገንዘብ መባከኑ ብቻ ሳይሆን፣ የላላው መጋጠሚያ በቁልቁለት መንገድ ላይ ቢለያይ ሾፌሩ መሪውን ይዞ መኪናውን ማዘዝ ይሳነዋል።