«ንጉሥ» እና «ንጉሠ ነገሥት» በትርጉም ሥራ
(የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመነ መንግሥት እንደ አብነት)

በፍኖተ ሰላም የሚኖሩ አንድ ተርጓሚ በመካከለኛው ዘመን ስለነገሡ የኮርያ ንጉሥ የተጻፈ ታሪክ ወደ አማርኛ ሲመልሱ የገጠማቸውን ችግር ገልጸው ጥያቄ አቅርበውልናል። ችግሩ ባጭሩ ይህ ነው። ከ918 እስከ 1392 እ.ኤ.አ. ኮርያን የገዛው የጎርዮ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ለብዙ ዘመን በቤተ መንግሥታቸው በታላቅ ንጉሠ ነገሥታዊ ወግ ሲጠሩ ኖረው፣ በሞንጎሎች የበላይነት ሥር ከወደቁ በኋላ ግን ከማዕርጋቸው ዝቅ እንዲሉ ተደርገዋል። ታዲያ የፊተኞቹንም የኋለኞቹንም «ንጉሥ» ብሎ መተርጎም ይገባልን? ወይስ የኋለኞቹን «ገዥ» ማለት ይሻላል? ጠያቂው ወደ «ገዥ» ያደላሉ።

እኛ በዚህ አንስማማም። የማንስማማበትንም ምክንያት ለማስረዳት ወደ ሩቅ ምሥራቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከፍኖተ ሰላም በዋናው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ መውረድ ይበቃል።

አስቀድሞ ግን ስለ ግሡ ጥቂት እንበል። ራስም ሆነ ደጃዝማች «ይሾማል»፣ «ይሻራል»፤ አድራጊው ሌላ ነው። ንጉሥ ግን «ይነግሣል»። «ነገሠ» ተሳቢ የማይፈልግ ግስ በመሆኑ ሥልጣኑ ከባለቤቱ ከራሱ የመነጨ ያስመስለዋል። ቋንቋው በዚህ ብቻ ቢቆም ኖሮ ከንጉሥ በላይ ሌላ ንጉሥ ሊኖር አይችልም ባልን ነበር። ነገር ግን «አነገሠ» የሚለው አስደራጊ ግስ አለ፤ በዚህ ጊዜ ንጉሡ ራሱ ተሳቢ ይሆናል። የ«ንጉሠ ነገሥት» ትርጉም የተመሠረተው በዚህ ግንኙነት ላይ ነው፤ ሌሎች ነገሥታት በሌሉበት «የነገሥታት ንጉሥ» ማለት ባዶ ክብር ይሆናልና።

የጎጃሙ አዳል ተሰማ የዚህ ግልጽ ምሳሌ ናቸው። የደጃዝማች ተሰማ ጎሹ ልጅ ሲሆኑ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ራስ ተባሉ። በጥር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ዘውድ ጭነው አነገሧቸው፤ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት፣ ማዕርጋቸውም «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» ሆነ። በዚህ ስያሜ ውስጥ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው የግእዝ ዘርፍ አያያዝ ነው፤ «ንጉሥ» የነበረው ዘርፍ ሲይዝ መጨረሻው ወደ ግእዝ ተለውጦ «ንጉሠ» ይሆናል (ፍኖት፣ «ፍኖተ ሰላም»፤ ደብር፣ «ደብረ ማርቆስ» እንደሚባለው ሁሉ)። ስለዚህ በየጋዜጣው የምናየው «ንጉስ ነገስት» የፊደል ብቻ ሳይሆን የሰዋስው ስሕተትም አለበት። ሁለተኛው «ወ» የተባለችው መስተጻምር ናት። ጎጃም በእጅ ያለ አገር ነው፤ ከፋ ግን ከዓባይ ማዶ በሩቅ ያለ፣ የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር ነበር። «ወ» ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀመጠቻቸው። የማዕርግ ስም የያዙትን ብቻ ሳይሆን የሚመኙትንም የሚናገር መሆኑን ተርጓሚ ይህን በመሰለው ስፍራ ሊያስተውል ይገባል።

ምኞቱም ጦርነት አመጣ። ከዓባይ በስተደቡብ ያለውን አገርና ንግዱን የሸዋው ምኒልክም ይፈልጉት ነበርና በግንቦት 1874 ዓ.ም. ሁለቱ በሆሮ ጉድሩ እምባቦ ላይ ተዋጉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። እዚህ ላይ የቃል ምርጫ የታሪኩን ፍርድ ይለውጣል። ምኒልክ ቀድሞ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ሲሉ ቆይተው በ1870 ዓ.ም. በልቼው ስምምነት ያን ማዕርግ ትተው «ንጉሠ ሸዋ» ለመባል ተስማምተው ነበር። እንግዲህ በእምባቦ የተጋጠሙት በማዕርግ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሥታት ናቸው፤ የበላያቸው ዐፄ ዮሐንስም ያለ ፈቃድ በመዋጋታቸው ሁለቱንም ቀጡ። ተርጓሚ ተክለ ሃይማኖትን «የጎጃም ገዥ»፣ ምኒልክን «ንጉሥ» ካላቸው ግን አንባቢው ያመፀ ሹም በጌታው ሲቀጣ ያያል። በአንድ ቃል ምክንያት ተሸናፊው ዐመፀኛ ይሆናል ማለት ነው። በባዕድ ቋንቋ በተጻፉ መጻሕፍት ይህ ሲደረግ አይተናል፤ ወደ አማርኛ ተመልሶ ሲመጣ ማየት ግን ይከብዳል።

ቀሪው ዘመናቸው ቀላል አልነበረም። በጥር 1880 ዓ.ም. ሳር ውኃ ላይ በደርቡሾች ተሸነፉ፣ ጎንደርም ተቃጠለች። ከዚያም ከምኒልክ ጋር አብረዋል ተብለው ስለተጠረጠሩ በ1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ጦር ጎጃምን አጠፋው፤ የማዕርግ ክርክሩን ዋጋ የከፈለው እህሉና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ፣ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ለማረኳቸው ለምኒልክ ገቡ፤ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦራቸውን ይዘው ተሰለፉ። በጥር 1893 ዓ.ም. ዐረፉ። ከፋ በ1889 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ስለተያዘ «ወከፋ» የተባለው ከንቱ ቃል ሆኖ ቀርቶ ነበር። ልጃቸው ኃይሉም በጎጃም ብዙ ዘመን ቢገዙ ከራስነት አላለፉም። ይሁንና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምርኮም፣ በቅጣትም፣ ለሌላ በመገበርም ንጉሥ መባላቸው አልቀረም። «ንጉሥ» በአማርኛ ፍጹም ነጻነትን የግድ አይጠይቅም የምንለው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ኮርያ እንመለስ። ከ949 እስከ 975 እ.ኤ.አ. የነገሡት ጓንግጆንግ የራሳቸውን የዘመን ስም ያወጁ፣ ዋና ከተማቸውን የንጉሠ ነገሥት ከተማ ያሰኙ፣ በ956 በግፍ ባሪያ የተደረጉትን መርምሮ ነጻ የሚያወጣ ሕግ ያወጡ፣ በ958 ሹመት በፈተና እንዲሰጥ ያደረጉ ንጉሥ ናቸው። ከ1274 እስከ 1308 የነገሡት ቹንግንዮል ደግሞ የኩብላይ ካንን ልጅ አገቡ፤ በእርሳቸውም ዘመን የቤተ መንግሥቱ ቃላት በሙሉ አንድ ደረጃ ወረዱ። ንጉሡ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ቃል፣ የሚጠሩበት አክብሮት፣ የአልጋ ወራሹም ስያሜ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ለነገሥታቱ ከሞቱ በኋላ የሚሰጠው በ«ጆ» ወይም በ«ጆንግ» የሚያልቅ ስም ቀርቶ «ዋንግ» (ንጉሥ) ብቻ ተባሉ፤ በስማቸው መጀመሪያ ያለው «ቹንግ» የተባለው ቃልም «ታማኝ» ማለት ነው፤ ታማኝነቱ ለሞንጎሉ ጌታ መሆኑ ነው። ከልቼው ስምምነት ጋር ያለው ተመሳሳይነት የተሰወረ አይደለም።

ስለዚህ «ዋንግ» ለሚለው «ንጉሥ»፣ «ሗንግጄ» ለሚለው «ንጉሠ ነገሥት» እንዲሆን እንመክራለን። ከ1274 በኋላ ያሉትንም «ንጉሥ» ማለት ይገባል፤ መገበራቸውን ግሡ ይናገር፣ ስሙ አይናገር። በአክብሮት ጥሪ ረገድ «ጃንሆይ» ለላይኛው ማዕርግ ተጠብቆ ለታችኛው «ንጉሥ ሆይ» ቢባል ልዩነቱ ይታያል። ለአልጋ ወራሽ ሁለት ቃል ስለሌለን «የንጉሥ አልጋ ወራሽ» እና «የንጉሠ ነገሥት አልጋ ወራሽ» ብሎ ከመዘርዘር ሌላ መንገድ አላገኘንም።

ጠያቂው «ጓንግጆንግ» የሚለውን «ስመ መንግሥት» ብለውታል። ይህ ሊታረም ይገባል። ስመ መንግሥት አዳል «ተክለ ሃይማኖት» እንደተባሉት በሚነግሡበት ጊዜ የሚሰጥና በሕይወት የሚጠሩበት ነው። ጓንግጆንግ ግን በሕይወት ሳሉ ዋንግ ሶ ነበሩ፤ የምናውቃቸውን ስም ራሳቸው አልሰሙትም። በአያት ቅድመ አያት መታሰቢያ ቤት የሚጻፍ ስም ስለሆነ «ስመ ዝክር» ቢባል የተሻለ ነው። «ስመ መቅደስ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን የእኛ አንባቢ መቅደስ ሲባል ታቦት ስለሚያስብ አልወደድነውም።

በነገራችን ላይ፣ በተላከልን ረቂቅ ውስጥ የኮርያው ንጉሥ «እሱ»፣ የኢትዮጵያ ነገሥታት ደግሞ «እርሳቸው» ተብለዋል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም አንድ ነገር እናሳስባለን። በንጉሠ ነገሥት ሥር ያለ «ንጉሥ» በአገራችን የቆየው እስከ ቅርብ ጊዜ ነው፤ ራስ ተፈሪ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን፣ በመስከረም 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለዋል። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ግን በአገሩ ሌላ ንጉሥ አልነገሠም። ኮርያም በ1897 እ.ኤ.አ. ጎጆንግ ከ«ዋንግ» ወደ «ሗንግጄ» ወጥተዋል። ስለዚህ «ንጉሥ» በሚለው ቃል ሥር «1. የአገር የበላይ ገዥ» ከሚለው ፍች ቀጥሎ «2. በንጉሠ ነገሥት ሥር ሆኖ አንድን ግዛት በዘውድ የሚገዛ» የሚል ፍች ሊገባ፣ አጠቃቀሙም «ታሪካዊ» ተብሎ ሊመለከት ይገባል።