የመስመር ስፋት፦ ለእንጨት ሥራ ምልክት ማድረጊያ መሣሪያ ሲመረጥ

በእንጨት ሥራ ሁለት ክፍሎች ክፍተት ሳይተዉ እንዲጋጠሙ የሚያደርገው የመጋዙና የመሮው ስለት ብቻ ሳይሆን፣ ከሁለቱም አስቀድሞ በእንጨቱ ላይ የሚሰመረው መስመር ነው። አናጺዎች የሚይዙት ጠፍጣፋ እርሳስ ጫፉ ሲዶለዱም ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ የሚሰፋ መስመር ሊያወጣ ይችላል፤ ይህ ስፋት ለጣሪያ ማገር የማያሳስብ ቢሆንም፣ በመሳቢያ ማዕዘን ላይ ግን በዓይን የሚታይ ክፍተት ይሆናል።

ስለዚህ ጥብቅ መጋጠሚያ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ምልክት ማድረጊያ ቢላዋ ነው። ጥሩው ዓይነት በአንድ ጎኑ ብቻ የተሳለ ሲሆን፣ ዝርግ የሆነው ሌላው ጎኑ የ90 ዲግሪ ማዕዘን ማረጋገጫ በሆነው በስኳድራው ጠርዝ ላይ ተደግፎ ስለሚሄድ መስመሩ ከጠርዙ ፈቀቅ አይልም። እርሳስ ቀለም ብቻ ትቶ ሲያልፍ ቢላዋ የእንጨቱን ቃጫ ይቆርጣል፤ በዚህም ምክንያት ከመስመሩ ወዲህ ያለው ገጽ በመጋዝ ጊዜ አይቦጫጨርም፣ መሮውም ቢላዋው በከፈተው ጭረት ውስጥ ሲገባ ትክክለኛ ቦታውን ይይዛል። ሆኖም የመጀመሪያው ጭረት ቀላል መሆን አለበት፤ ገና ከጅምሩ በኃይል ከተጫኑት ስኳድራው ሊንሸራተት ይችላልና። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጭረት ግን በመጀመሪያው ተመርተው ስለሚሄዱ ጠበቅ ቢሉም ችግር የለውም።

ከቃጫው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ መስመር ሲያስፈልግ ቢላዋው ቃጫውን ተከትሎ ሊጠመዘዝ ስለሚችል፣ በዘንግ ላይ የሚንሸራተትና በብሎን የሚጠብቅ መደገፊያ ያለው መስመር መጫሪያ ይመረጣል። ሾጣጣ ሚስማር የተተከለበት ዓይነት በቃጫው አቅጣጫ በደንብ ሲሠራ፣ ቃጫውን አቋርጦ ሲሄድ ግን እንጨቱን ስለሚቦጭቅ፣ ለዚያ በትንሽ ስለት ወይም በተሳለ ክብ ዲስክ የሚቆርጠው ይሻላል። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም አንድ ጊዜ የተስተካከለውን ርቀት በአራቱም የጠረጴዛ እግሮች ላይ ሳይዛነፍ መድገሙ ነው፤ በሜትር አራት ጊዜ መለካት ግን አራት ጊዜ ለመሳሳት ዕድል ይሰጣል።

እርሳስ ከነጭራሹ አይጣልም። እንደ ዋንዛ ጠቆር ባለ እንጨት ላይ የቢላዋ መስመር ለዓይን ስለሚያስቸግር፣ በጭረቱ ውስጥ 0.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ ማስኬድ መስመሩን ያጎላዋል። ተቆርጦ የሚወድቀውን ወገን ለመለየትም፣ በኋላ በመላጊያ እንጂ በላጲስ የማይጠፋ የቢላዋ ጭረት በሚታይ ገጽ ላይ እንዳይቀር ሲፈለግም እርሳስ ተመራጭ ነው።

ስኳድራው ራሱ ከተዛነፈ የቢላዋው ስለት ምንም አይጠቅምም። ቀጥ ያለ ጠርዝ ባለው ጣውላ ላይ መስመር ከተሰመረ በኋላ ስኳድራው ተገልብጦ ከዚያው ነጥብ ሌላ መስመር ይሰመራል፤ ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ ልዩነቱ የስህተቱ እጥፍ ስለሆነ፣ በ200 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ የታየ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት የግማሽ ሚሊ ሜትር መዛነፍ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስኳድራ ዋጋው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን እስኪስተካከል ድረስ ለመጋጠሚያ ሥራ ሊውል አይገባም።