ማዳበሪያን ማን አስወደደው? ከሰቆጣ እስከ ጋዝ ጉድጓዱ

በዋግ ኽምራ ሰኔ ሲቃረብ ሁለት ጥያቄዎች ከአፍ አይጠፉም፤ ዝናቡ መቼ ይገባል፣ ማዳበሪያውስ ዘንድሮ ስንት ነው? ለዋጋው ንረት የሚሰጠው መልስ ከተለመደ ሰነበተ፦ «የዩክሬን ጦርነት አስወደደው።» ግማሹ እውነት ነው። ጦርነቱ የተነሳው በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲሆን የዩሪያ ዋጋ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ሽቅብ መውጣት ጀምሮ ነበር።

ነገሩ የጋዝ ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን። ሃይድሮጅኑን አብዛኛው ዓለም የሚያወጣው ከተፈጥሮ ጋዝ፣ ቻይና ግን በብዛት ከድንጋይ ከሰል ነው። ስለዚህ ጋዝ ለፋብሪካው እሳትም ጥሬ ዕቃም ነው። በመስከረም 2014 የአውሮፓ ጋዝ ሲወደድ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ፤ በጥቅምት ቻይና ማዳበሪያ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ገደበች። ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት 15 ቢሊዮን ብር ብትደጉምም ገበሬው ለኩንታል የከፈለው ቀደም ሲል ከለመደው እጅግ የራቀ ነበር።

የተማረው ወገን ሌላ ተጠያቂ ያቀርባል፤ የአውሮፓን የካርቦን ቀረጥ። የአውሮፓ ኅብረት በድንበሩ በሚያስከፍለው የካርቦን ክፍያ ማዳበሪያን ማካተቱ፣ ክፍያውም ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ መዋሉ እውነት ነው። የሚመለከተው ግን ወደ ኅብረቱ የሚገባውን ዕቃ ብቻ ነው። ጅቡቲ ወደብ የተራገፈ ዩሪያ ይህ ቀረጥ አይነካውም።

ከሁሉ የሚጥመው እምነት የግድቡ ነው፦ «ውሃ አለን፣ መብራት አለን፣ ማዳበሪያ ለምን ከውጭ እንገዛለን?» ተከዜ ግድብ ለዋግ ሩቅ አይደለም፤ በሙሉ አቅሙ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በኤሌክትሪክ ውሃን ሰንጥቆ አንድ ቶን አሞኒያ ለመሥራት 10 ሜጋ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ስለዚህ ተከዜ ሌላውን ሁሉ ትቶ በሙሉ ኃይሉ አንድ ሰዓት ቢሠራ የሚገኘው 30 ቶን አሞኒያ ነው። አገሪቱ በዓመት የምትገዛው ማዳበሪያ ደግሞ 20 ሚሊዮን ኩንታል አካባቢ ነው፤ አንዳንዴም ይበልጣል።

ሥራው ግን አይቻልም ማለት አይደለም። አስዋን ያለው ኪማ ፋብሪካ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓባይ ኃይል ማዳበሪያ ሠርቷል። ያመርት የነበረው ግን ዩሪያ አልነበረም፤ ናይትሬት ነበር። ለአንድ ቶን ዩሪያ ሦስት አራተኛ ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል፤ ጋዝ የሚጠቀም ፋብሪካ ይህን ከጋዙ ሃይድሮጅን ሲያወጣ አብሮ ያገኘዋል፣ ግድብ ግን ከየት ያመጣል? ኪማም ኋላ ላይ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል።

አሁን ተስፋው የሶማሌ ክልሉ ጎዴ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የማዳበሪያ ፋብሪካ ስምምነት ተፈራረሙ፤ በመስከረም 2018 የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ። ከካሉብና ከሂላላ የጋዝ መስኮች በሚመጣ ጋዝ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ይወጣል ተብሏል። «ጎዴ ከተከፈተ ማዳበሪያ ሁሉ ይረክሳል» የሚለው ግን ተጣድፏል። የውጭ ምንዛሪና የመርከብ ወጪ ሊቀንስ ይችላል። በዘር ወቅት የሚገባው ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ግን ከድንጋይ የሚወጣ ነው፤ ጋዝ አይተካውም።

ከዋጋው ሌላ በቆላው ዋግ አንድ የቆየ እምነት አለ፤ «ዩሪያ መሬት ያቃጥላል» ይላል። ገበሬው ያየው ነገር ሐሰት አይደለም። ዝናብ በቀረበት ማሳ ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር ከተቀመጠ ጨውነቱ ውሃ ይሻማል፤ ቡቃያውም ይደርቃል። የተቃጠለው ግን ቡቃያው እንጂ አፈሩ አይደለም። ሌላው ጉዳት ዓይን አያየውም። ዩሪያ ላይ ላዩን ተበትኖ ካፊያ ብቻ ሲነካው ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይተናል፤ በሞቃት ቀን የናይትሮጅኑ ሩብ፣ አንዳንዴም ሲሶ ሊጠፋ ይችላል። በ50 ኪሎ ጆንያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ስላለ፣ ሩቡ ማለት ስድስት ኪሎ ገደማ ነው፤ ገበሬው በብድር ገዝቶ ለንፋስ የሰጠው። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ፣ አፈሩ በደንብ ሲረጥብ ከግንዱ ራቅ አድርጎ በመስመር ጨምሮ አፈር ማልበስ ይህን ብክነት በብዙ ይቀንሳል።