ስለ አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ፤ ምጽዋት ወይስ መብት?

የአንድ ቤት አባወራ አካሉ ቢጐዳ ሕመሙን የሚታመመው እርሱ ነው፤ በዚሁ ምክንያት ከሥራው ቢሰናበት ግን ጉዳቱ ለሚስቱም ለልጆቹም ይተርፋል። እንግዲህ ነገሩ የችሎት ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ጉዳይ ስለ ሆነ ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን።

ጓሳ በመንዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ ደጋ ነው፤ ሕዝቡም ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ቄሮ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። በዚያ ብርድና ዳገት እየዞረ ሣሩን የሚጠብቅ ሰው ብርቱ እግር ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በዚያው አገር ገመድ ለመግመድ፥ የበግ ጠጕር ለመፍተል፥ መዝገብም ለመያዝ የሚያስፈልገው እጅና ልብ ነው እንጂ እግር አይደለም። ስለዚህ አሠሪ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ሰው ምን ጐደለው?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ሥራ ምን ይፈልጋል?» ብሎ ነው።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው ዓዋጅ ቁጥር 568/2000፥ የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር፥ ችሎታ ያለው አካል ጉዳተኛ ያለ አድልዎ እንዲቀጠርና እንዲሠለጥን ያዝዛል። አሠሪውም ሥራውን ለሠራተኛው የሚመች አድርጎ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት፤ ይህን አለመፈጸም ራሱ እንደ አድልዎ ይቈጠራል። ደግሞም አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም አይጫንበትም፤ አለማዳላቱን ማስረዳት የአሠሪው ፈንታ ነው።

በፍርድ ቤት ጸሓፊነቴ ዘመን ከጓሳ አጠገብ የመጣ አንድ የግምጃ ቤት መዝገብ ያዥ አውቅ ነበር። እግሩ ተሰብሮ በምርኩዝ መሄድ ከጀመረ በኋላ «መሰላል መውጣት አትችልም» ተብሎ ተሰናበተ። አጽፎ ያመጣው ማመልከቻ «ስለ ልጆቼ እዘኑልኝ» የሚል ነበር። እኔም «ወንድሜ፥ ኀዘኔታ ከደጋግ ሰዎች ይለመናል፤ ከችሎት የሚጠየቀው ግን መብት ነው» አልኩት። ማመልከቻውም ታርሞ «መደርደሪያው ዝቅ ቢል፥ ወይም ዕቃ የሚያወርድልኝ ረዳት ቢመደብ፥ ሥራዬን እንደ ቀድሞው እሠራለሁ» ተብሎ ተጻፈ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው አሠሪውን «መደርደሪያውን ዝቅ እንዳታደርጉ ምን ከለከላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ መልስ ታጣ፤ ሰውየውም ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ደመወዝ ተቋርጦ ስለ ነበር፥ ታላቂቱ ልጁ ትምህርቷን ትታ ሰው ቤት ገብታ ነበር። የአንድ አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ የዚያችን ልጅ የትምህርት ዓመት ባዳነ ነበር።

ሕጉ አሠሪውንም አልረሳም። የአሠሪና ሠራተኛ ዓዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጤና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ግዴታውን ለዘለቄታው መፈጸም የማይችለውን ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ማሰናበትን ይፈቅዳል። ሆኖም «አይችልም» የሚባለው ሥራው ተመርምሮ ነው እንጂ ምርኩዙ ታይቶ አይደለም።

ወላጆችም ከዚህ ድርሻ አላቸው፤ ሕጉ የሚጠቅመው ችሎታ ላለው ሰው ነውና፥ አካሉ የተጐዳውን ልጅ በጓዳ መሰወር ነገ የሚከራከርበትን መሣሪያ መንጠቅ ነው። በወሎ በሳይንት የተወለዱት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመታቸው ዓይናቸውን ቢያጡም፥ በሻሸመኔ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ተምረው፥ ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው ጠበቃ ሆኑ፤ በ2010 ዓ.ም. መባቻም ራይት ላይቭሊሁድ ለተባለው የዓለም ሽልማት ተመረጡ። እርሳቸው በቤት ተሰውረው ቢቀሩ ኖሮ ስንቱ ተበዳይ ጠበቃ ባጣ ነበር!

እንግዲህ ሠራተኛ የምትቀጥሩና የምታሰናብቱ ሁሉ፤ የስንብት ደብዳቤ ከመፈረማችሁ በፊት መደርደሪያውን ተመልከቱ።