ውሃ የማይወድ ጨው

ኬሚስትሪ ስናስተምር ተማሪዎቻችን «ጨው ሁሉ ጠጣር ነው ወይ? ሁሉስ ውሃ ውስጥ ይሟሟል?» ብለው ይጠይቁናል። መልሱ «አይደለም» ነው። ለምን? እስቲ አብረን እንየው።

የገበታ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ትናንሽ አዮኖቹ እንደ ጡብ ገጥመው ስለሚደረደሩ አጥብቀው ይያያዛሉ። አዮኖቹ ትልልቅና ቅርጻቸው ወጣ ገባ ሲሆን ግን እንደ ልብ አይገጥሙም። ስለዚህ ጨው ሆኖ ሳለ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሚሆን አለ፤ አዮናዊ ፈሳሽ ይባላል። ፓውል ዋልደን እ.ኤ.አ. በ1914 በ12 ዲግሪ የሚቀልጥ ጨው አስተዋውቆ ነበር።

ውሃ የማይወደው ዓይነት እንዴት ይሠራል? በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ሜቲል ኢሚዳዞል ከክሎሮቡቴን ጋር ሲሞቅ ክሎራይድ ጨው ይገኛል። ይኼኛው ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ቀጥሎ እዚያው ውሃ ላይ ፖታሲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት ሲጨመር ክሎራይዱ ቦታውን ይለቃል። አዲሱ ፈሳሽ ከውሃው ይለያል፤ ከውሃ ስለሚከብድም እንደ ዘይት አይንሳፈፍም፣ ታች ይዘቅጣል። ከዚያ በውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። በእጥበቱ ውሃ ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ሲደረግ ነጭ ዝቃጭ ከታየ ክሎራይዱ ገና አላለቀም ማለት ነው።

ጥቅሙስ? ብዙዎቹ የተለመዱ አሟሚዎች ይተናሉ፤ ሠራተኛው ይተነፍሳቸዋል። ይኼ ግን እምብዛም አይተንም። እ.ኤ.አ. በ1999 የቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሦስት ንብርብር አሳዩ፤ ከላይ ሄክሴን ምርቱን፣ መካከል ውሃ ተረፈ ጨዉን፣ ከታች አዮናዊው ፈሳሽ የፓላዲየም ካታሊስቱን ይዞ ይቀራል። የላይኞቹ ሲቀዱ የታችኛው እንደገና ይሠራል።

ሆኖም «አረንጓዴ አሟሚ» ስለተባለ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ሄክሳፍሎሮፎስፌት ያለው ፈሳሽ ከውሃ ጋር ሲሞቅ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሊወጣው ይችላል፤ እሱ ደግሞ ሥጋን ዘልቆ ያቃጥላል፣ ብርጭቆም ይበላል። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎች ውድ ቢሆንም በውሃ በቀላሉ የማይፈርሰውን ቢስትሪፍሊሚድ ይመርጣሉ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይኼን እዚህ አንሞክረውም! ላቦራቶሪ ባይኖረንም ሐሳቡን ማሳየት ግን እንችላለን። ጠርሙስ ውስጥ ውሃ፣ ዘይትና ትንሽ በርበሬ ጨምረን እንነቅንቅና እናስቀምጠው። ቀዩ ቀለም ወዴት ሄደ? ወደ ዘይቱ! አንዱ አሟሚ የሚፈልገውን ከሌላው መርጦ ወሰደ ማለት ነው፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።